ለቅጥቅጡ ቤታችን የሶላር ኮንትሮለር መምረጥ፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ፦ መኪናውና የኤሌክትሪክ ፍጆታው

መኪናው ቅጥቅጥ አይሱዙ ነው። በጅማና በአጋሮ መሀል ሰው ሲያመላልስ የኖረ። ወንበሮቹ ወጥተዋል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና የወጥ ቤቱ መደርደሪያ እዚሁ ጅማ አናጢ ቤት እየተሠሩ ነው። እኔና ወንድሜ የምንሠራው የቡና ናሙና ነው። ቡና ሲደርስ በጅማ ወረዳዎች፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ፣ ሰቃ እያልን ስንዞር ጉልበታችንን የሚጨርሰው ማደሪያ ፍለጋ ነው። ዘንድሮ መኪናው ውስጥ እናድራለን፣ እናበስላለን፣ እንሠራለን።

ጄኔሬተር አንፈልግም። ቡና ሽታ ይስባል። የናፍጣ ወይም የቤንዚን ጭስ አጠገቡ ከዋለ ናሙናው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ሶላር።

እዚህ የምመዘግበው የቻርጅ ኮንትሮለሩን፣ በፓኔሉና በባትሪው መሀል ሆኖ መሙላቱን የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ፓኔልና ባትሪ ላይ ተጨንቆ ተጨንቆ ኮንትሮለሩን «አንዱን ጨምርልኝ» ብሎ ይገዛዋል። ባትሪውን ግን የሚያኖረውም የሚገድለውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ፍጆታችንን አሰላን። የመኪና ፍሪጅ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ሞተሩ ሲነሳና ሲያርፍ ስለሚውል በቀን 500 ዋት-ሰዓት ያዝንለት። አምፖሎች 150። ላፕቶፕ 240። ስልኮች 60። የውሃ ፓምፕ 50። የናሙና መፍጫ 50። ድምሩ 1,050 ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በመቀየሪያ የሚባክነውን ስንጨምር 1,300 አደረግነው።

እናታችን ለመኪናው ገንዘብ ካዋጡት አንዷ ናት። መጥታ አይታ «ልጆቼ፣ እንጀራ ካልጋገራችሁበት ምኑን ቤት ሆነ?» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነበርና አሰላነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ልንገዛ ያሰብነው ባትሪ በሙሉ 2,560 ዋት-ሰዓት ነው። ከሦስት ሩብ ሰዓት በታች ባዶ ይሆናል፤ ምጣዱ ገና ሞቆ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ሲወጡ መብራት ጠፋ ማለት ነው። እንጀራ ከቤት ይጫናል፤ ወጥና ቡና በጋዝ።

ነሐሴ መጨረሻ፦ 12 ወይስ 24 ቮልት?

ኮንትሮለር ከመምረጣችን በፊት ይሄ መቋጨት ነበረበት። ኮንትሮለር የሚሸጠው በአምፒር ነው። 20 አምፒር የሚለው ዕቃ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 290 ዋት አካባቢ ብቻ ያስተናግዳል። ያው ዕቃ በ24 ቮልት ላይ 580። በአንድ ዋጋ እጥፍ ሥራ።

ሽቦውም ይቀጥናል። 1,000 ዋት በ12 ቮልት 80 አምፒር አለፍ ያለ ነው፤ በ24 ቮልት 40። ሙቀቱ ደግሞ በአምፒሩ ካሬ ስለሚጨምር በተመሳሳይ ሽቦ ላይ ብክነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የወሰነልን ግን ሌላ ነገር ነው። የአይሱዙው የራሱ ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ። ስለዚህ የ24 ቮልት አምፖል፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማራገቢያ ጅማ ውስጥ በየመለዋወጫ ሱቁ ሞልቷል። አጋሮም አለ፣ ሊሙ ገነትም አለ። ፍሪጁም በ12ም በ24ም የሚሠራ ዓይነት ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ሁሉም 12 ቮልት ይላል፤ የነሱ መኪና 12 ቮልት ስለሆነ ነው። እኛ ጫካ መሀል አምፖል ቢቃጠልብን የምንለምነው የአይሱዙ ሾፌር ነው።

ባትሪው 24 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም፣ ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት። ወደ 110 ሺህ ብር። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ይሄ ነው። የአሲድ ባትሪ በግማሽ ዋጋ ይገኛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ እጥፍ መግዛት ሊኖርብን ነው። ክብደቱም እጥፍ ድርብ።

መስከረም መጀመሪያ፦ 99 እና 100

ፓኔል ልንገዛ ወጣን። አሁን ገበያውን የሞላው ባለ 550 ዋቱ ትልቁ ፓኔል ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ13፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ገደማ። ሁለቱን በቁመት አከታትለን ጣሪያው ላይ ስናስባቸው 4 ሜትር ተኩል ይሆናሉ። ይገባሉ፤ በጎን ሰው ተሳቦ የሚያልፍበትም ይተርፋል። አንዱ 19 ሺህ ብር ገደማ።

ሻጩ ጥሩ ሰው ነው። ሒሳቡንም በደንብ ይሠራል። የፓኔሉን ጀርባ አሳየን። «ተመልከቺ እህቴ፣ ክፍት ቮልቴጁ፣ ምንም ሳይሰካበት የሚሰጠው፣ 49.5 ነው። ሁለቱን በተከታታይ ስታገናኚው 99። ይሄ ኮንትሮለር 100 ይችላል። ልክክ ይላል።»

ልክክ አይልም። ፓኔል ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ ፓኔሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተለካ ነው። የሲሊኮን ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። የኛው ጀርባ ላይ በዲግሪ 0.27 በመቶ ይላል። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ ብርቅ አይደለም። 8 ዲግሪ ብንይዝ ከ25 በ17 ዝቅ ይላል። 17 ጊዜ 0.27፣ 4.6 በመቶ። 99 የነበረው 103.5 ሆነ። ወንድሜ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ባሌ እንሂድ ይላል። ሳነቴ የሚባለው የባሌ አምባ ላይ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። እዚያ 107 ይደርሳል።

ለሻጩ በወረቀት ከማሳየት በፓኔል ማሳየት ይሻላል ብለን አንዱን ገዝተን ወሰድን። ማታ ግቢ ውስጥ አጋደምነውና በብርድ ልብስ ሸፍነነው አደርን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ወደሷ አቀናነው። ቴስተሩ ተሰክቷል። ወንድሜ ብርድ ልብሱን ገፈፈው። 50.8 ቮልት። ቁጥሩ ዐይናችን እያየ መውረድ ጀመረ፤ 50.5፣ 50.1፣ 49.7። መስታወቱን በእጄ ስነካው ሙቀቱ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይቶ 48 ቤት ገባ።

50.8 ሲደመር 50.8፣ 101.6 ነው። ያውም በመስከረም፣ ብርዱ ገና ሳይመጣ። ፎቶ አንስተን ለሻጩ አሳየነው። ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ደንበኞቹም ይነግራል፤ ደስ ብሎኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ረገጥ አድርጌ ልናገር። ጥሩ ኮንትሮለር ፓኔሉ ከአቅሙ በላይ ዋት ቢያመጣለት ራሱ ይገድበዋል፤ ትርፉ ይቀራል እንጂ አይጎዳም። ቮልቴጁ ካለፈ ግን ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ዋስትናም አይሸፍነውም። ስለዚህ ኮንትሮለር ሲመረጥ የመጀመሪያው ቁጥር አምፒሩ አይደለም። በጣም ብርዳማው ጠዋት ላይ የሚመጣው ቮልት ነው። እሱ ከተያዘ በኋላ አምፒር ይታሰባል።

መስከረም አጋማሽ፦ ኤምፒፒቲ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ

ኮንትሮለር በሁለት ዓይነት ይመጣል። ፒደብሊውኤም የሚባለው ቁልፍ ብቻ ነው። ፓኔሉን በቀጥታ ባትሪው ላይ ያገናኘዋል፣ ባትሪው ሲሞላ እያቆራረጠ ይለቅለታል። ፓኔሉ 41 ቮልት ላይ መሥራት ቢችልም ባትሪው 26 ላይ ከሆነ ወደ 26 ይጎትተዋል። የቀረው ከንቱ ነው። ኤምፒፒቲ ግን ፓኔሉ ጥሩ የሚሠራበትን ቮልት ይፈልግና ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ይለውጠዋል፤ መቶ ብር ተቀብሎ በዝርዝር እንደሚመልስ ባለሱቅ።

ፒደብሊውኤም መጥፎ አይደለም። ባለ 36 ሴል ትንሽ ፓኔል፣ 18 ቮልት አካባቢ የሚሠራው፣ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከሆነ በሚገባ ይበቃል። ገጠር ለአምፖልና ለስልክ የተተከለው አብዛኛው እሱ ነው። ችግሩ ትልቁን ፓኔል ስትገዛ ነው። ባለ 550ውን በ12 ቮልት ባትሪ ላይ በፒደብሊውኤም ብትሰቅለው 13 አምፒር ጊዜ 13 ቮልት፣ 170 ዋት አካባቢ ታገኛለህ። ለ550 ከፍለህ።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ አንድ ዕቃ አየን። ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ስክሪን ያለው፣ «ኤምፒፒቲ 60 አምፒር» ተብሎ የተጻፈበት። 2,800 ብር። የሚያውቀን ልጅ ስለነበር ለሙከራ አውሱን አልነው፤ ሰጠን። ጎን ለጎን እንዲሆን ከአንድ ወዳጃችን እውነተኛ ኤምፒፒቲ ተዋስን።

በእጅ ሲመዘን ነገሩ ገና ያስታውቃል። እውነተኛው ውስጥ ትልቅ የመዳብ ጥቅል አለ፤ ከባድ ነው። ሰማያዊው ላባ ነው። ክብደት ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ለካን። ዲሲ አምፒር፣ የባትሪና የፓኔሉን፣ የሚለካ የቆንጣጭ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ ዙሪያውን ይዞ የሚለካው) ያስፈልጋል። የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት አብዛኛው ኤሲ፣ የቤቱን መብራት፣ ብቻ ነው የሚለካው፤ ሲገዛ ይጠየቅ። ሜትሩን ከፓኔል በሚገባው ሽቦ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ባትሪ በሚወጣው ላይ ማድረግ ነው።

በሰማያዊው፦ የገባው 9.6 አምፒር፣ የወጣው 9.6። ባትሪው 26.3 ቮልት ላይ ነበር። 252 ዋት።

በእውነተኛው፣ በዚያው ፀሐይ፦ የገባው 9.1 አምፒር በ39 ቮልት፣ የወጣው 13.1 አምፒር። 345 ዋት።

የገባውና የወጣው አምፒር እኩል ከሆነ፣ ሳጥኑ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ፒደብሊውኤም ነው። ልዩነቱ ወደ መቶ ዋት ነው፤ በአንድ ፓኔል፣ በዚያች ሰዓት ብቻ።

ክዳኑንም ከፈትነው። ጥቅል የለም። ቁልፍ የሚሆኑ ትራንዚስተሮችና አንድ ወፍራም ካፓሲተር። 60 አምፒር ይቅርና 30 ለማሳለፍም የሚያበቃ የመዳብ መስመር አላየሁበትም።

ለመኪና ደግሞ ከዚህ የሚብስ ነገር አለው። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገን የባትሪ ፖዘቲቭና የፓኔል ፖዘቲቭ ላይ ስንነካ ጮኸ። ማለትም ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው፤ የሚቆርጠው በኔጌቲቭ በኩል ነው። ቤት ውስጥ ይሄ ችግር የለውም። መኪና ላይ ግን ኔጌቲቩ ከቦዲው ጋር ይያያዛል። የፓኔሉ ኔጌቲቭ ሽቦ ጣሪያው ላይ ተልጦ ላሜራውን ቢነካ ኮንትሮለሩ ታለፈ ማለት ነው። ባትሪው ሞልቶም መሙላቱ አይቆምም። አልጋ ሥር ለሚቀመጥ ባትሪ ይሄ ቀልድ አይደለም። ለመኪና ኔጌቲቩ የጋራ የሆነውን መግዛት ነው። ዕቃውን ለልጁ መለስንለት፤ ያየነውንም ነገርነው።

መስከረም መጨረሻ፦ ምርጫው

ሦስት መንገድ ቀረን።

ሁለቱን ፓኔል በተከታታይ አድርጎ 150 ቮልት የሚችል ኮንትሮለር መግዛት። ቪክትሮን ከሚባለው ፋብሪካ 150/35 የተባለው (የመጀመሪያው ቁጥር ቮልት፣ ሁለተኛው አምፒር ነው) ለዚህ ይሆናል፤ በ24 ቮልት 1,000 ዋት። ሽቦው ቀጭን ይበቃዋል። ግን ተከታታይ ሲሆን አንዱ ፓኔል ጥላ ከያዘው ሌላውንም ይዞ ይወርዳል። ውስጣቸው ማለፊያ ዳዮድ (ጥላ የያዘውን ክፍል ዘሎ ኤሌክትሪኩን የሚያሳልፍ) ስላለ ጨርሶ አይዘጋም፤ ግን ይጎዳል።

ሁለቱን በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ፤ ቮልቱ ሳይጨምር አምፒሩ የሚደመርበት) አድርጎ አንድ ትልቅ ባለ 100 ቮልት መግዛት። የኢፒኤቨር ፋብሪካው ትሬሰር 4210 ባለ 40 አምፒሩ በ24 ቮልት 1,040 ዋት ይይዛል፤ 24 ሺህ ብር ተብለናል። ታማኝ ዕቃ ነው፤ ኔጌቲቩም የጋራ ነው። የቪክትሮኑ 100/50 ደግሞ 45 ሺህ።

ለእያንዳንዱ ፓኔል የራሱን ትንሽ ኮንትሮለር መስጠት። የቪክትሮን 100/20 በ24 ቮልት 580 ዋት ይይዛል። የኛ ፓኔል 550። አንዱ 22 ሺህ፤ ሁለቱ 44።

የአንድ ፓኔል ቮልት ብቻውን በቂ መሆኑን አየን። አንዱ ፓኔል ብቻውን በሙቀት ቀን እንኳ ወደ 36 ቮልት ላይ ይሠራል፤ 24 ቮልት ሊትየም ሲሞላ 28.4 ነው። ቪክትሮን ለመነሳት ከባትሪው 5 ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ ከተነሳ በኋላ 1 ቮልት ይበቃዋል። ይደርሳል። ባለ 410 ዋቱን ፓኔል ብንገዛ ኖሮ አይደርስም ነበር፤ እሱ 31 ቮልት ነው፣ ሲሞቅ 27 ይገባል። ለ24 ቮልት ባትሪ ብቻውን አይሆንም።

ሦስተኛውን መረጥን። ምክንያቱ የኛ አገር ቡና ነው። የጅማ ቡና ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ግራሩ። ጌራ ወይም ጎማ ውስጥ መኪና የምታቆምበት ቦታ ሁሉ ግማሹ ጥላ ነው፤ የሚያስተናግድህ ገበሬም «ፀሐይ እንዳይመታችሁ» ብሎ ዋንዛው ሥር ነው የሚያስቆምህ። የፊተኛው ፓኔል ጥላ፣ የኋለኛው ፀሐይ። ለየብቻ ኮንትሮለር ካላቸው አንዱ የሌላውን አያበላሽም።

ሌላም አለ። ከጌራ ጫካ ውስጥ ኮንትሮለር ቢበላሽብህ ወደ ሱቅ መመለስ የቀን ሥራ ነው። ሁለት ከሆኑ ግማሽ መብራት ይዘህ ትሰነብታለህ። ወንድሜ ሾፌር ስለሆነ ይሄ ገባው፤ መለዋወጫ ጎማ ሳይዝ የትም አይሄድም።

ከዱባይ የምትመጣ ዘመዳችን ሁለቱን ይዛልን መጣች።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ብሬከር

ፓኔሎቹን ፖርቶመጋላው ላይ በቱቦላሬ ፍሬም አሰርናቸው። ከጣሪያው አራት ጣት ያህል ከፍ ብለዋል፤ ነፋስ ሥሩ ሲያልፍ ይቀዘቅዛሉ፣ ሲቀዘቅዙ ደግሞ የተሻለ ያመርታሉ። ጅማ ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ፓኔል ጋደም ቢል የሚያጣው ትንሽ ነው። የሚነሳና የሚታጠፍ ፍሬም ሠርተን ብር አናባክንም።

ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር 7 ሜትር፣ በባለ 6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሶላር ሽቦ። ሒሳቡ፦ ሄዶ መልሱ 14 ሜትር፣ ጊዜ 0.0175 (የመዳብ መከላከያ ቁጥር)፣ ለ6 ሲካፈል 0.041 ኦም። በ13 አምፒር ግማሽ ቮልት ይጠፋል። ከ41 ቮልት ላይ ምንም አይደለም።

ከኮንትሮለር እስከ ባትሪ አንድ ሜትር ብቻ። እዚህ አጭር ማድረግ ግድ ነው፤ ኮንትሮለሩ የባትሪውን ቮልት የሚያየው በዚሁ ሽቦ ነው። በመሀል ቮልት ከጠፋ ባትሪው ሳይሞላ ሞላ ብሎ ያስባል። ወንድሜ ለጥንካሬ ብሎ 10 ካሬ አምጥቶ ነበር። 100/20 ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ከ6 ካሬ በላይ አይቀበልም። የሽቦውን ክር ቆርጦ ማጥበብ የሚባል ነገር አለ፤ አይደረግም። 6 ካሬ ተገዛ። በ20 አምፒር 0.12 ቮልት ነው የሚያጠፋው፤ ይበቃል። 10 ካሬው ለፍሪጁና ለማከፋፈያው ሆነ።

ባትሪው ጫፍ ላይ ለእያንዳንዱ ኮንትሮለር 25 አምፒር ፊውዝ። የአይሱዙ ፊውዝ ነው፣ በየሱቁ አለ። ፊውዙ ባትሪው ጋ ነው የሚሆነው፤ ሽቦው ተልጦ ቢያያዝ እሳቱ የሚመጣው ከባትሪው ነው። ሽቦ ወደ ባትሪ ቡሎን በሚገባበት ሁሉ ካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ማሰሪያ) ተጨምቆበታል። ሽቦ ጠምዝዞ ቡሎን ሥር መክተት በጅማ–ጌራ መንገድ ንዝረት አይቆይም።

የኤሌክትሪክ ሥራውን ያገዙን ሰው ጋሼ እንላቸዋለን፤ ብዙ ሕንፃ ላይ የሠሩ ናቸው። ለፓኔሉ መዝጊያ የቤት ብሬከር ይዘው መጡ። «ብሬከር ብሬከር ነው ልጄ።» ጋሼ፣ በቤት ኤሌክትሪክ ላይ እውነትዎን ነው አልኳቸው። የቤቱ ኤሲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ብሬከሩ ሲቆርጥ ብልጭታው ዜሮ ላይ ራሱ ይጠፋል። የፓኔሉ ዲሲ ዜሮ የለውም። ብልጭታው ሊቀጥል ይችላል። ብሬከሩን ገልብጠው አዩት፤ ኤሲ ምልክት ብቻ ነው ያለው። «ይሄንንስ ልብ ብዬው አላውቅም» አሉና ራሳቸው ሄደው የዲሲውን አምጥተው ገጠሙት። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቦታ የተጻፈበት ዓይነት ነው፤ ተገልብጦ መገጠም የለበትም።

የመግጠም ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ባትሪ፣ ከዚያ ፓኔል። ኮንትሮለሩ ባትሪው 12 ይሁን 24 የሚለየው ያን ጊዜ ነው። ሲፈታ መጀመሪያ ፓኔል። ይሄንን በማርከር ሳጥኑ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ማስተካከያ

በስልክ ብሉቱዝ ነው የሚስተካከለው። ከፋብሪካ ሲመጣ ለአሲድ ባትሪ ተዘጋጅቶ ነው። ወደ ሊትየም ቀየርነው፤ መሙያው 28.4፣ ማቆያው 27.0። ለአሲድ ባትሪ በሙቀት መጠን ቮልት የሚቀንስና የሚጨምር ነገር አለው፤ ለሊትየም ዜሮ ሆነ። ባትሪን በከፍተኛ ቮልት የሚያመጣጥነው የአሲድ ሥርዓትም ጠፍቷል። ይሄ ሳይጠፋ የቀረ እንደሆነ የሊትየሙ መጠበቂያ ባትሪውን ይቆርጠዋል። ፀሐይ እየሠራች ባትሪ ሲቆረጥ ደግሞ ቮልቱ ወደ አምፖሎቹ ሊዘል ይችላል።

ሁለቱም ኮንትሮለር አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘዋል። የተለያየ ከሆነ አንዱ «ሞላ» ብሎ ሲያቆም ሌላው ብቻውን ይለፋል።

ሊትየም ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፣ ይበላሻል። ጅማ ይሄ አያሰጋም። ባሌ ከሄድን ግን ጠዋት ባትሪው እስኪሞቅ የፓኔሉ ብሬከር ተዘግቶ ይቆያል።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ጌራ

ቡናው መቅላት ጀምሯል። በለጠ ጌራ በሚባለው ጫካ ጥግ አንድ ገበሬ ግቢ ቆምን። እንደተፈራው ዋንዛ ሥር። 4 ሰዓት ላይ ስልኬን ከፈትኩ። የፊተኛው 40 ዋት፣ የኋለኛው 385። ሁለቱ በተከታታይ አንድ ኮንትሮለር ላይ ቢሆኑ ይሄን ያህል አላገኝም ነበር። ከሰዓት ጥላው ዞሮ ተገላቢጦሽ ሆነ። ማታ ባትሪው 94 በመቶ ነበር፤ ፍሪጁ ሲሠራ ውሎ፣ መፍጫውም፣ ላፕቶፑም።

ደመና ሲመላለስ አንድ የሚገርም ነገር አየሁ። ፀሐይዋ ከደመና ጠርዝ ስትወጣ ለጥቂት ሰከንድ ከወትሮው በላይ ታበራለች፤ ደመናው ራሱ ብርሃን ይጨምርላታል። የወጣው አምፒር 20 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። አላለፈም። ገደቡን ይዞ ይጠብቃል።

የኮንትሮለሩ መዝገብ የየቀኑን ከፍተኛ ቮልት ይይዛል። ጌራ ላይ ያስመዘገበው 51.1 ነው።

ኅዳር፦ ግቤ

ናሙና ይዘን ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ ግቤ በረሃ ላይ ለምሳ ቆምን። ቀትር ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ፣ ባትሪው 60 በመቶ። ይህን ጊዜ ሁለቱም ሙሉ መሥራት ነበረባቸው። ግን ከ14 አምፒር አላለፉም። የአልጋውን ሥር ሳጥን ስከፍተው ወበቁ ፊቴን መታው። ቴርሞሜትር አስገባሁ፤ 52 ዲግሪ። ቪክትሮን ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ለማዳን ይቀንሳል። የሳጥኑን በር ክፍት ትተን ምሳ ስንጨርስ 18 ገብቶ ነበር።

ጅማ ስንመለስ ወደ አናጢው ሄድን። እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ሳጥኑን ዙሪያውን ገጥሞ አየር እንዳያስገባ አድርጎ ነበር የሠራው። ከሥር ረድፍ ቀዳዳ፣ ከላይ ረድፍ ቀዳዳ አስበሳነው፤ ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሙቁ በላይ እንዲወጣ። የላይኛውን ሲበሳ ያው የበርጩማ ጌጥ የሚያወጣበትን ቅርፅ አወጣለት። ኮንትሮለሮቹም ቆመው ተሰቀሉ፤ የጀርባቸው ብረት ሽንትር ወደ ላይና ወደ ታች ሆኖ፣ በመሀላቸው አንድ ስንዝር ተትቶ። ባለ 24 ቮልት የአይሱዙ ትንሽ ማራገቢያም ገዝተናል፤ 900 ብር። ሳጥኑ 40 ዲግሪ ሲሞላ እንዲነሳ የሙቀት ቁልፍ ይገጠምለታል።

ለኮንትሮለሩ ክፍል እስካሁን የወጣው፦ ሁለቱ ኮንትሮለር 44 ሺህ፣ የሶላር ሽቦና ማገናኛ 9 ሺህ፣ ባለ 6 እና ባለ 10 ካሬ ሽቦ 6 ሺህ፣ የዲሲ ብሬከር ሁለት 3 ሺህ፣ ፊውዝና ካፖኮርዳ 1,500፣ የአናጢው ቀዳዳ በነፃ።

ቀጥሎ ያለው ሞተሩ ሲሠራ ከአልተርኔተሩ ወደ ሊትየሙ መሙያ ማስገባት ነው። በቀጥታ በሪሌ ማያያዝ አንፈልግም፤ ባዶ ሊትየም ያገኘውን ያህል ስለሚስብ አልተርኔተሩን ያቃጥላል። ከ24 ወደ 24 የሆነ፣ አምፒሩ የሚገደብ መሙያ እየጠየቅን ነው። እስካሁን ጅማ አላገኘንም፤ ሳምንት ወንድሜ አዲስ አበባ ሲወርድ መርካቶ ያያል።